ቀርከሃና ጭድ ካርቦን የሚይዙት ግድግዳው እስከቆመ ድረስ ነው

የሲሚንቶ ልስን የለበሰ የጭቃ ግድግዳ ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ከፍታ በጣት አንጓ መታ መታ ሲደረግ ባዶ በርሜል የተመታ ያህል ይጮሃል። ልስኑ ከጭቃው ለቅቋል ማለት ነው። በስንጥቁ የገባው የዝናብ ውሃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ተኝቷል፣ የባህር ዛፍ ቋሚውም ከእግሩ ጀምሮ እየበሰበሰ ነው። ከውጭ ግን ቤቱ ቀለም ተቀብቶ አምሮበታል። ሐዋሳ ውስጥ ከሐይቅ ዳር እስከ ሐዌላ ቱላ እንዲህ ያለ ግድግዳ ማግኘት አይቸግርም። ከዕፅዋት የሚሠራ ቤት አካባቢን ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክር መጀመር ያለበት ከዚህ ባዶ ድምፅ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እናውጣ። ሲሚንቶ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ከሌላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል ነው። ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ ነው፤ ድንጋዩ ሲፈርስ ጋዙን ይለቃል። ስለዚህ ምድጃው በጣም ንጹሕ በሆነ ኃይል ቢነድ እንኳ ይህኛው ድርሻ አይቀርም። በዓለም ደረጃ የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መንገዱ ይጨመርበታል፤ ከአዲስ አበባ ወዲያ ከሙገር ወይም ከደርባ የተጫነ ሲሚንቶ እዚህ እስኪደርስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በከባድ መኪና ይጓዛል።

ዕፅዋት በተቃራኒው ይሠራሉ። የአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ግማሹ ገደማ ካርቦን ነው። ያ ካርቦን ከአየር ሲወሰድ 1.8 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ጭድ አመድ ስለሚበዛው ትንሽ ያንሳል፣ በኪሎ 1.5 ገደማ ቢያዝለት ነው።

አሁን 4 በ5 ሜትር የሆነች፣ ግድግዳዋ 2.8 ሜትር ከፍታ ያለው አንዲት ክፍል እንውሰድ። በርና መስኮቷ ሲቀነስ ወደ 44 ካሬ ሜትር ግድግዳ አላት። በባለ 20 ብሎኬት ብትሠራ 550 ብሎኬት ትፈልጋለች። ብሎኬቱን ለማምረት፣ ለመደርደርና ሁለቱንም ፊት ለመለሰን የሚገባው ሲሚንቶ ሲደመር ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ከ35 እስከ 40 ይደርሳል። እንደ ሲሚንቶው ዓይነት ይህ ከ1 እስከ 1.8 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያቺው ክፍል በ50 የባህር ዛፍ ቋሚ፣ በቀርከሃ ማገርና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው በጭድ በተቦካ ጭቃ ብትሠራ፣ እንጨቱ ወደ 500 ኪሎ፣ ጭዱ ከ200 ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ቀርከሃው ከ100 እስከ 120 ኪሎ ይመዝናል። በውስጣቸው ተይዞ የሚቆየው 1.4 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የድንጋይ መሠረቱ ለሁለቱም ስለሚያስፈልግ አልቆጠርኩትም።

ቁጥሩ ያምራል። ችግሩ «ተይዞ የሚቆየው» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ቋሚው በ10 ዓመት በምስጥ ተበልቶ ቤቱ ፈርሶ እንጨቱ ለምድጃ ከገባ ካርቦኑ ወደመጣበት ተመለሰ፤ ለአዲሱ ግድግዳም ሌላ 50 ባህር ዛፍ ይቆረጣል። ግድግዳው 40 ዓመት ከቆመ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተቆረጠው ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ባህር ዛፍ በ6 እና በ7 ዓመት አንዴ ለቋሚ እየደረሰ አምስት ስድስት ጊዜ ይታጨዳል። ስለዚህ የቤቱ ዕድሜ ነው ጥቅሙን የሚወስነው፤ ከዚህ በታች ያለው ዝርዝርም ባብዛኛው ዕድሜ ስለማስረዘም ነው።

ከቀርከሃው ልጀምር

ለሐዋሳ ቅርቡ ቀርከሃ ከደቡብ ምሥራቅ ያሉት የሲዳማ ከፍታዎች ማለትም የሁላ፣ የአርቤጎናና የበንሳ የደጋ ቀርከሃ ነው። ውስጡ ክፍት ነው፤ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል እንደሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ድፍን አይደለም። ቡቃያው ከመሬት ከወጣ በኋላ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ አይረዝምም፣ አይወፍርምም፤ የሚቀረው መጠንከር ብቻ ነው። ለመጠንከር ቢያንስ 3 ዓመት ይፈልጋል። የገበያው ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ቁመቱና ውፍረቱ አንድ ስለሆነ የአንድ ዓመቱም የአራት ዓመቱም በአንድ ዋጋ አብሮ ተጭኖ ይመጣል።

የአንድ ዓመቱ ይታወቃል። ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ አንጓው ሥር ነጭ ዱቄት አለበት፣ የቡቃያው ቅርፊት ገና አልረገፈም፣ ሲመታ ድምፁ ይታፈናል። የደረሰው ደብዘዝ ይላል፣ ላዩ ላይ ነጣ ያለ ሽበት መሰል ነጠብጣብ ያበቅላል፣ በገጀራ ጀርባ ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮሃል። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነቀዝ ይወደዋል።

ነቀዝ የሚመጣው እንጨቱን ፈልጎ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ስታርች፣ ማለትም ተክሉ ያጠራቀመውን ምግብ፣ ፈልጎ ነው። ስታርቹ የሚበዛው ተክሉ አዲስ ቡቃያ ለማውጣት ሲዘጋጅ ስለሆነ ቆረጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ሲቆረጥ ከመሬት የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው አንጓ በላይ፣ ጉቶው ውሃ የሚያቁር ጽዋ እንዳይሆን አንጓውን ጠግቶ ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ በዓመት ከሩብ እስከ ሲሶ ብቻ፣ ያውም የደረሰው ብቻ ይወሰዳል። እንዲህ ከሆነ ሥሩ አይሞትም፣ ገደላማውን አፈር እንደያዘ ይቆያል፤ በየዓመቱም ይታጨዳል። ባህር ዛፍ ይህን አያደርግም፤ የባህር ዛፍ ማሳ ሲቆረጥ ኮረብታው በአንዴ ራቁቱን ይቀራል።

ከቆረጣ በኋላ መታከም አለበት። ሁለት መንገድ አለ።

ርካሹ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ድንጋይ ተጭኖበት ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ ስታርቹ ይቦካና ይወጣል። ሽታው ይከብዳል። ይህ ለነቀዝ ይረዳል፣ ለምስጥ ግን አይበቃም።

ሁለተኛው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ነው፤ ሁለቱም ቦሮን የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው ዱቄቶች ናቸው። ለ100 ሊትር ውሃ 3 ኪሎ ቦራክስና 2 ኪሎ ቦሪክ አሲድ ይገባል፤ ለብ ባለ ውሃ ቀድሞ ከተሟሟ እታች አይዘቅጥም። መጀመሪያ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ጫፉ ተስሎ ከዳር እስከ ዳር የውስጥ አንጓዎቹን ሁሉ እየበሳ እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህች እርምጃ ከተዘለለች ውሃው ዳርና ዳር ብቻ ይገባና የመሐሉ ክፍል እንደነበረ ይቀራል፤ ከውጭ አይታወቅም፣ ከዓመት በኋላ ነው ከአንጓው መሐል ዱቄት መርገፍ የሚጀምረው። 7 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ወፍራም ፕላስቲክ ሲነጠፍበት በቂ ገንዳ ነው። ቀርከሃው ግማሹን ስለሚይዝ የሚሞላው ውሃ 2000 ሊትር አካባቢ ሲሆን ለእሱ 60 ኪሎ ቦራክስና 40 ኪሎ ቦሪክ አሲድ ይበቃል። ከ7 እስከ 10 ቀን ተዘፍዝፎ ከወጣ በኋላ ጥላ ሥር ቆሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ በሳምንት ይደርቃል፣ በሳምንትም ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ እየተጨመረበት ለብዙ ዙር ያገለግላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቦሮን በዛ ሲል ተክል ያደርቃል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በላይ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ የጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣለት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ያለቀ መድኃኒት ወደ ቦይ ተደፍቶ «አረንጓዴ ቤት ሠራሁ» ማለት አይቻልም። የተረፈው በፕላስቲኩ ላይ ተንኖ እንዲደርቅ ከተተወ ዱቄቱ ተጠርጎ ለሚቀጥለው ዙር ይሆናል።

ቦሮን በውሃ ገብቶ በውሃ ይወጣል። ዝናብ የሚመታው የታከመ ቀርከሃ ከጥቂት ክረምት በኋላ እንዳልታከመ ነው። ስለዚህ የቀርከሃ ቦታው ከጣሪያ በታችና ከልስን በስተጀርባ ነው። አጥርና ደጅ ላይ የሚተከለውን ገንዘብ አፍስሶ ማከም ብዙም አያዋጣም።

ሲታሰር ደግሞ ምስማር ሲገባበት ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል። ቀድሞ በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት፣ ወይም በጥቁር ሽቦ ማሰር ነው። ገና እርጥብ ሆኖ የታሰረ ማገር ሲደርቅ ይቀጥንና እስሩ ይላላል፤ ግድግዳው ሲነቀነቅ የሚሰማው ሲጢጥታ ብዙ ጊዜ የዚህ ነው። ለማገር የሚሆነው ለአራት ወይም ለስድስት ተሰንጥቆ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ ይመታል። የሚያብረቀርቀው ጀርባው ጭቃ አይዝም፤ በገጀራ ስለት ጫር ጫር ካልተደረገ ጭቃው እንደ ሰሌዳ ይላቀቃል።

ምድጃውና ጭሱ

የድሮው የሳር ቤት ምድጃው መሐል ላይ ነበር። ጭሱ ቋሚውንም፣ ማገሩንም፣ ክዳኑንም ቀን ከሌት ያጥናል፤ ነቀዝና ምስጥ ጭስ የጠገበ እንጨት አይደፍሩም። እንደ ቅርጫት በቀርከሃ የሚሠራው የሲዳማ ቤትና ቁመቱ ከሩቅ የሚታየው የዶርዜ ቤት ረጅም ዕድሜ ያላቸው በከፊል በዚህ ነው። የዶርዜውን ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ቤቱ በየጊዜው ዝቅ እያለ ይኖራል። ወጥ ቤቱ ተለይቶ ደጅ ሲወጣ ሳንባችን ዳነ፣ ትክክልም ነው። እንጨቱ ግን ያለ መድኃኒት ቀረ፤ በጭሱ ምትክ የገባ ነገር የለም። «የአያቶቻችን ቤት ይህን ሁሉ ዓመት ቆሞ የኛው ለምን ወደቀ» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

በጭሱ ቦታ ሰው የሚያደርገው የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ነው። ዘይቱ ላዩን እንጂ ውስጡን አይነካም፣ ቋሚው ሲደርቅ በሚከፈተው ስንጥቅ ምስጡ ገብቶ ይበላል። ዘይቱ ደግሞ ከያዘው የብረት ብናኝ ጋር ወደ አፈር ይሰርጋል። ሐይቅ ዳር አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቋሚው መሬት አይንካ

መሬት ውስጥ የተቀበረ እንጨት ሐዋሳ ላይ ይበሰብሳል፤ ክርክር የለውም። አንዳንዱ ቶሎ፣ አንዳንዱ ዘግይቶ። አየርና እርጥበት የሚገናኙት ከመሬት ወለል 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች ባለው ቦታ ስለሆነ የሚበላው እዚያ ነው፤ ሲነቀል እታች ያለው ጫፍ ደህና ሆኖ መሐሉ እንደ እርሳስ ቀጥኖ ይገኛል።

መፍትሔው ሲሚንቶን የሚገባው ቦታ ላይ ማዋል ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሮ የድንጋይ ግንብ ከመሬት በላይ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በግንቡ ውስጥ በየ1.2 ሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይቀበራል፣ ጫፉ ወደ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ግንቡ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ፣ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር በሁለቱም በኩል ወጣ ብሎ ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ከዚያ አግዳሚው እንጨት፣ ቋሚዎቹ ደግሞ በአግዳሚው ላይ። ፌሮው ፕላስቲኩንና ቆርቆሮውን የሚያልፍበት ቀዳዳ በሬንጅ ይደፈናል። ቆርቆሮው ምስጥን አይገድልም፤ የጭቃ መንገዷን ዞራ በአደባባይ እንድትሠራ ያስገድዳታል፤ ያኔ ትታያለች፣ በመጥረጊያ ትጠረጋለች።

አብዛኛው የሐዋሳ አፈር አሸዋማና ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ያለበት ነው። ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ጥሩ ነው፤ ከጣሪያ በሚወርድ ጠብታ ግን ቶሎ ይቦረቦራል። ከግድግዳው ዙሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ድንጋይ ወይም ጠጠር ካልተነጠፈ የሚፈናጠረው ጭቃ ግድግዳውን ከታች ጀምሮ ያረጥበዋል።

የጣሪያውን ክንፍ በተመለከተ ብዙ ሰው የቆርቆሮ ቁጥር ለመቀነስ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቆማል። ከበልግ እስከ ክረምት መጨረሻ ዝናብ ለሚያገኝ፣ ያውም ነፋስ የተቀላቀለበት ዝናብ ለሚመታው የጭቃ ግድግዳ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ነው የሚያስፈልገው። የዚያች የምሳሌዋ ክፍል ክንፍ ከ30 ወደ 90 ሲያድግ የሚጨምረው ጣሪያ 14 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ግድግዳን ከሥሩ አፍርሶ ከመሥራት ጋር አይወዳደርም። ለልስን ከሚወጣው ገንዘብ ቀንሳችሁ ለክንፉ አውሉት።

ጭቃው

ሐዋሳ ውስጥ ከግቢ የተቆፈረ አፈር ለምርጊት ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ አሸዋው ይበዛል፣ የሚያጣብቀው ሸክላማው ክፍል ያንሳል። ከሸበዲኖ አቅጣጫ ያለው የደጋማው ቀይ አፈር ይሻላል። ጥቁር አፈር ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይወሰድም።

መለየት ቀላል ነው። የጠርሙስ አንድ ሦስተኛ በአፈር ይሞላል፣ ውሃና ትንሽ ጨው ይጨመርበታል፣ ተንጦ ይቀመጣል። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ይደረደራል፣ ደቃቁ በግማሽ ሰዓት፣ ሸክላው ውሃውን እስኪያጠራ አንድ ቀን ይፈጃል። የላይኛው የሸክላ ንብርብር ከጠቅላላው ከ20 እስከ 30 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ አይያያዝም፣ ከበለጠ ይሰነጠቃልና አሸዋ ይጨመርበታል።

ጭዱን በተመለከተ የጤፍ ጭድ የሚያህለው የለም። ቀጭን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይከተከትም። የስንዴና የገብስ ጭድ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከተቆራረጠ ያገለግላል፣ ክፍት ውስጡ ግን ውሃ ስለሚይዝ ለመጨረሻው ልስን አይሆንም። መጠኑ 60 ሊትር ለሚይዝ አንድ የእጅ ጋሪ አፈር 2.5 ኪሎ ጭድ ነው። ይህን በዓይን መገመት ያሳስታል፤ ጭዱ ሲጫን ብዙ መስሎ ሲረገጥ ይጠፋልና አንዴ መዝኖ በጆንያ ልክ ማስቀመጥ ይሻላል። ጭድ የከብት መኖ መሆኑንም አንርሳ። በደረቅ ወራት የጭድ ዋጋ ሲሰቀል ለግድግዳ የሚገባው 200 ኪሎ ከአንድ ላም አፍ የተወሰደ ነው። አጨዳና ውቂያ ባለቀበት ጊዜ ገዝቶ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ወይም ለመኖ የማይሆነውን የተበላሸውን ጭድ መፈለግ ነው፤ የሻገተ ግን አይገባም።

ጭቃው ተረግጦ በላስቲክ ተሸፍኖ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቦካል፣ በየቀኑ ውሃ እየተጨመረ እንደገና ይረገጣል። ጠጅ ጠጅ የሚል ከባድ ሽታ ሲያወጣና ከእጅ ላይ አልላቀቅ ሲል ደርሷል። ጭዱ ሲፈርስ የሚያወጣው ሙጫ መሰል ነገር ነው ጭቃውን የሚያያይዘው። የአንድ ቀን ጭቃ ቀጣሪው ስለቸኮለ የሚሠራ ጭቃ ነው፤ ሲደርቅ ጭዱን በጣት መምዘዝ ይቻላል።

የመጀመሪያው ምርጊት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም። ይሰነጠቅ፤ ሁለተኛውን የሚይዘው ያ ስንጥቅ ነው። ሁለተኛው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ፊቱን ያስተካክላል። ሦስተኛው በወንፊት የተነፋ አፈር ሆኖ ለአራት እጅ አፈር አንድ እጅ ትኩስ እበት ይገባበታል፣ ውፍረቱም ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሙሉ ግድግዳ ከመለሰን በፊት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆኑ ሦስት ናሙናዎች በተለያየ የአሸዋ መጠን ለጥፎ ሳምንት መጠበቅ ብዙ ጣጣ ያድናል። ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢያልቅ ነው የሚበጀው፤ በበልግ የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ዝናብ ይደርስበታል፣ ውስጡ ያለው እንጨትም ይሻግታል።

ወደ ባዶው ድምፅ ስንመለስ

ሲሚንቶ በጭቃ ላይ የማይበረክተው ለምንድነው? ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ድርቅ ብሎ ይቆማል። በመሐላቸው ያለው መያያዣ በሁለት ሦስት ክረምት ይላቀቃል። የዶሮ ሽቦ በምስማር መትቶ ማያያዝ የተለመደ ነው፤ እሱ የሚያደርገው ልስኑ ቁርጥራጭ እየሆነ እንዳይወድቅና አንድ ላይ እንደ አንሶላ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ ማድረግ ብቻ ነው። እስከዚያው ውስጡ ይበሰብሳል። ሲሚንቶ እርጥበትን በቀላሉ ስለማያስወጣም በስንጥቅ የገባ ውሃ በእንጨቱ ይወርዳል እንጂ ወደ ውጭ አይተንም።

ከውጭ በኩል ጠንከር ያለ ነገር ካስፈለገ ኖራ ነው። ኖራም የሚቃጠል ነገር ነው፤ ግን 900 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል፣ ሲደርቅም ከድንጋዩ የወጣውን ጋዝ ከአየር ቀስ በቀስ መልሶ ይወስዳል። ውሃ ውስጥ ገብቶ የበረደው ኖራ ቢያንስ 2 ሳምንት በውሃ ተሸፍኖ ይቆይ። ሲፈላ ዓይን ያጠፋልና መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜም ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል፣ ውሃው ወደ ኖራው አይደፋም። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ፣ በአንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ልስን ውስጥ ከ100 እስከ 120 ግራም ቃጫ። ቃጫው ቆጮ ሲፋቅ የሚቀረው የእንሰት ቃጫ ነው፤ ሲዳማ ውስጥ ከዚህ የቀረበ ጭረት የለም። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። የቀረበት የቆጮ ልጥፍ ታጥቦ ካልወጣ ልስኑ ላይ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል፤ ሁለት ውሃ ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት።

ኖራው በሁለት ድርብ፣ እያንዳንዱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ጭቃው ላይ ውሃ ተረጭቶ ይለጠፋል። ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጫል፣ በጆንያ ከፀሐይ ይከለላል። ሐዋሳ ላይ ኖራ ልስን ሲበላሽ ከአሥሩ ዘጠኙ ምክንያት የቀትር ፀሐይ ነው፤ በፍጥነት የደረቀ ኖራ በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል።

ሲሚንቶ ከቀርከሃ ጋር የሚሄድበት ሌላ መንገድ አለ፤ ከጭቃ ግድግዳው ጋር ግን እንዳይምታታ። ኮሎምቢያ በአርሜኒያ ከተማ በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በቀርከሃ አጥር ላይ ሽቦ ተመትቶ ስስ የሲሚንቶ ልስን የሚለጠፍበትን ግድግዳ በሕንፃ ደንቧ ውስጥ አስገብታለች። እዚያ ጭቃ የለም፤ ከልስኑ ጀርባ አየር ነው። ክብደቱም ከብሎኬት ግድግዳ ግማሽ አይሞላም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለምንኖር ክብደት ማለት መሬት ስትነቃነቅ የሚመጣ ኃይል ነው። የኛው የጭቃ ግድግዳ ቀላል ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያልፋል። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚያድነው ማገሩና ቋሚው በደንብ የታሰረ መሆኑ ነው፤ ያም የሚሆነው እንጨቱ ካልተበላ ነው።

ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ከቆርቆሮ ሥር አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ መወጠር ሙቀቱንም የዝናቡንም ጩኸት አያስቀርም። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ በተቀመጠ ወራጅ ላይ የተሠራ የቀርከሃ ምንጣፍ ተዘርግቶ በላዩ 3 ሴንቲ ሜትር ጭድ የበዛበት ጭቃ ቢነጠፍ በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቀትር ላይ ልዩነቱ ይሰማል፣ እሳትም ቶሎ አይዘው። የአይጥ መግቢያውን በወንፊት ሽቦ መድፈን ግን ግዴታ ነው።

ስለ ሰጋቱራና ስለ ቡና ገለባ የሚጠይቁ አሉ። ሰጋቱራ ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ ግን ጭረት ስለሌለው ጭድን አይተካም። የቡና ገለባ ስኳር ስላለው ሻጋታና ነፍሳት ይጠራል፤ ግድግዳ ውስጥ ከሚገባ ማዳበሪያ ቢሆን ይሻለዋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የዓመቱ ምርመራ የሚሆነው ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው። ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ የጭቃ መንገድ እንዳለ በባትሪ ዙሪያውን ማየት፣ ከታች ግማሽ ሜትሩን በጣት አንጓ መታ መታ ማድረግ፣ የአግዳሚውን ማዕዘኖች በቀጭን ምስማር መውጋት። ምስማሩ ያለ ኃይል ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከገባ ያ እንጨት ገና አንድ ቦታ ብቻ እያለ ይቀየር። የተላጠ ጭቃ አይጣልም፤ ከግድግዳው የወረደው በባልዲ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ አንድ እፍኝ አዲስ ጭድ ተጨምሮበት፣ ሦስት ቀን ከቦካ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል።